ቡችላ ለማንሳት አራት ሰው

አንድ ሰው በአንድ እጁ ካሜራ፣ በሌላው ብስኩት ይዞ፣ በአፉ እያፏጨ ቡችላ ሲከተል ውሎ የሚያገኘው የጅራት ፎቶ ነው። ካሜራው ቢወደድ ያው ነው። ሥራው ለጓደኞች ሲከፋፈል ነው ነገሩ የሚቃናው፦ ያዥ፣ ጠሪ፣ ብርሃን መላሽ፣ አንሺ። ሦስት ብቻ ከሆናችሁ ብርሃን መላሹ ይቅር፤ ጠሪው ግን አይቀርም።

ጠሪ አንድ ብቻ ይሁን። ብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "ቦቢ! ቦቢ!" ይላል፤ ቡችላው ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ ይሰለቸውና መሬት ማሽተት ይጀምራል። ጠሪው ከአንሺው ጀርባ፣ ልክ ከሌንሱ በላይ ይቁም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ካለ የውሻው ዓይን ተከትሎት ይሄዳል። አንሺው "አሁን" እስኪል ትንፍሽ አይበል፤ ከዚያ አንድ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ። ጆሮ ቀጥ፣ ጭንቅላት ዘንበል የሚለው ለአዲስ ድምፅ ነው፤ ያው ድምፅ ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ ቡችላው ይለምደዋል። ስለዚህ አራት አምስት ዓይነት ይያዝ፦ የብስኩት ላስቲክ ኮሽታ፣ ቁልፍ ማቅጨልጨል፣ የድመት ድምፅ፣ ፉጨት። ጠንካራው ለመጨረሻ ይቀመጥ። ጭብጨባ አያስፈልግም፤ ጅራቱን እግሩ መሃል የሸጎጠ ቡችላ ለዚያ ቀን አበቃለት።

ለደመወዝ የተቀቀለ ጉበት ወይም ሥጋ፣ ጨው የሌለው፣ በሽምብራ መጠን ተቆርጦ ይዘጋጅ። ቋንጣ የሚያመጣ ጓደኛ አይጠፋም፤ በርበሬና ጨው አለበትና ራሱ ይብላው። ቸኮሌት ለውሻ መርዝ ነው። ካፌይንም እንዲሁ፣ ይህ ደግሞ ጅማ ላይ ትንሽ ነገር አይደለም፦ በኅዳርና በታኅሣሥ የተሰጣ ቀይ ቡና ያየ ሁሉ ቡችላውን መሃሉ ማስቀመጥ ያምረዋል። ቡችላ ያገኘውን ያኝካል። ቡናው ከኋላ፣ ከሦስትና አራት ሜትር ርቀት ደብዘዝ ብሎ ይታይ፤ ቀለሙ ይበቃል።

ብርሃኑ ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 2፡30፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10፡30 በኋላ ጥሩ ነው። በቀትር የውሻው ዓይን ይጨፈናል፣ ጉድጓዱም ይጠቁራል። አቮካዶ ዛፍ ሥር መሸሽ መፍትሔ ይመስላል፣ ግን በቅጠሉ መሃል የሚያልፈው ፀሐይ ፀጉሩን ዥንጉርጉር ያደርገዋል። የቤቱ ጥላ ጠርዝ ወይም በረንዳ ይሻላል። ክረምት ላይ ደመናው ራሱ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ዝናቡ ሳይመጣ በጠዋት መጨረስ ነው። ቀዩ አፈር ደግሞ ነጭ ቡችላን ከአገጩና ከሆዱ ሥር ያቀላዋል። ብርሃን መላሹ ሜትር የሚሆን ነጭ ፎም ከፊት ዝቅ አድርጎ ቢይዝ ያ ቅላት ይቀንሳል፣ ዓይኑም ውስጥ ነጭ ነጥብ ይገባል። አንሶላ ነፋስ ሲያርገበግበው ያስደነግጣቸዋል።

ውሻ መንካት የማይፈልግ ጓደኛም ካለ የብርሃን መላሹን ቦታ ስጡት። የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ለሶላት ማጠብ ስለሚኖርበት ጅማ ላይ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው። የግቢውን በር የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል፤ ባጃጅ ቡችላ አያይም።

አንሺው ማዳበሪያ አንጥፎ በደረቱ ይተኛ። የስድስት ሳምንት ቡችላ ዓይን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ቢርቅ ነው፤ ቆሞ የሚያነሳ ሰው ጀርባና ራስ ቅል ብቻ ያገኛል። የመዝጊያው ፍጥነት ለተቀመጠ ውሻ 1/250 ሰከንድ፣ ለሚጫወት 1/500፣ ለሚሮጥ 1/1000 እና ከዚያ በላይ። ለዚህ ሲባል አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ወይም 1600 ቢደርስ ግድ የለም፤ ነጠብጣብ ያለው ፎቶ ይታያል፣ የተንቀጠቀጠ ግን ይጣላል። ሌንሱን በሰፊው ከፍቶ፣ በኤፍ 1.8፣ ቅርብ ሆኖ ማንሳት አፍንጫውን ያጠራና ዓይኑን ያደበዝዛል፤ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ይሁን። ፎከሱ ተከታታይ ይሁን (ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ)፣ ነጥቡም ቅርብ ያለው ዓይን ላይ። ጥቁር ውሻ ክፈፉን ከሞላው ካሜራው ያለ ልክ ያነጣዋልና በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ (+/-) ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል መቀነስ፣ ነጭ ከሆነ በዚያው ልክ መጨመር። ፍላሽ ዓይኑን አረንጓዴ ስለሚያደርገው ይጥፋ። በስልክ ከሆነ ተጠግቶ አፍንጫ ከማግዘፍ ራቅ ብሎ 2 እጥፍ ማቅረብ፤ ፖርትሬት የሚለው ደግሞ የጆሮ ፀጉር ይቆርጣል።

የሩጫው ፎቶ እንዲህ ነው። ያዡ 15 ሜትር ርቆ ውሻውን ደረቱን አቅፎ ይይዛል፤ አንገት ማሰሪያውን ቢይዝ ውሻው እየታገለ ይታነቃል፣ ሲለቀቅም ወደ ጎን ይፈተለካል። ጠሪው ባለቤቱ ቢሆን ይመረጣል። አንሺው ውሻው ከመለቀቁ በፊት መተኮስ ይጀምራል። የሚመረጡት ከ8 እስከ 4 ሜትር ያሉት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ፎከሱ አይደርስበትም፣ ሌንሱንም ይልሰዋል። ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ የግቢ ውሻ ከሆነ በረጅም ገመድ አሥር ደቂቃ ይሩጥ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጥሪ አጥር ያዘልለዋል።

ለአራት ቡችላ አራት እጅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቡችላ ቅርጫቱ ውስጥ ያስቀምጣል፣ በሦስት ቁጥር ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ያላችሁ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ነው። ለአንዱ ብቻ የጅማ በርጩማ ያምራል፤ ጎድጎድ ያለ መቀመጫው ቡችላውን ያቅፈዋል። ነገር ግን ባለ ሦስት እግር ነውና ያዡ ከክፈፉ ውጭ እጁን ከአንድ ስንዝር በላይ አያርቅ።

እናትየዋን ባለቤቱ ራሱ ወደ ጓሮ ይውሰዳት፤ እንግዳ ልጆቿን ሲያነሳ ዝም ብላ አታይም። ክትባት ያልጨረሱ ቡችሎች የመንገድ ውሻ የሚውልበት ሜዳ ላይ አይውጡ፣ ፓርቮ (ቡችላ የሚገድል የአንጀት ቫይረስ) አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። ውሻ ማንንም ከነከሰ ወይም ከቧጠጠ ቁስሉ በሚፈስ ውኃና ሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይመለስም።

ቡችላ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይሠራም። ሲያዛጋ፣ ሲቀመጥ፣ ጥግ ሲፈልግ ይተው። ከዚያ እርስ በርስ ተደራርበው ሲተኙ 1/125 ይበቃል፣ ጠሪውም ሄዶ ቡናውን ይጠጣ።