ሹፌሩስ የት አለ?

እናቴ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ሪያድ የቀረው ጓደኛዬ የላከልኝን ቪዲዮ ከፍቼ ስልኩን አቀበልኳት። የምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ቆሞ የቀረጸው። ሐዲዱ ከጨለማው እየወጣ ወደ አንተ ይመጣል። ዓይኗን አጥብባ አየችና «ሹፌሩስ የት አለ?» አለች።

«ሹፌር የለውም እማ፤ በራሱ ነው የሚሄደው።»

ጀበናውን አስቀመጠች። «እንኳንም አላህ ቀድሞ አመጣህ!»

እኔ ሪያድ ስድስት ዓመት የቤት ሹፌር ነበርኩ። የሄድኩት በፈረንጆቹ 2015 ነው፤ የዚህ ባቡር ቁፋሮ ከተጀመረ አንድ ዓመት አልፎታል። ለመንዳት ሄጄ የሚነዳበት መንገድ አጣሁ ብል ይቀለኛል። ዑለያ የሚባለው ትልቁ ጎዳና ዛሬ በግራ ታጥሮ ካየኸው በሳምንቱ በቀኝ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ 15 ደቂቃ የሚበቃው መንገድ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ማዳም ጉድጓዱን እኔ የቆፈርኩት ይመስል ከኋላ ሆና ትቆጣለች። አንድ ወር ላይ ለማርፈዴ ከደመወዜ 100 ሪያል ተቆርጧል። ይሄ አይረሳኝም።

ግን የቤት ሹፌር ሥራው ግማሹ መጠበቅ ነው። ማዳም ክሊኒክ ስትገባ እኔ መኪናውን አጥሩ ጥግ አቁሜ በቆርቆሮው ክፍተት አጮልቄ አያለሁ። እዚያ የሚሠራ አንድ ፓኪስታናዊ ነበር። ሻይ እየጠጣን፣ ሁለታችንም በተሰባበረ ዓረብኛ፣ ነገሩን አስረዳኝ። ጣቢያውን ሲሠሩ መጀመሪያ ዙሪያውን የኮንክሪት ግድግዳ ወደ መሬት ያወርዳሉ፤ ቀጥለው ጣሪያውን ይደፍኑና መኪናውን በላዩ ይለቁታል። ሆዱን የሚቆፍሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቤት ከጣሪያ ሲጀመር ያየሁት እዚያ ነው!

በጣቢያና በጣቢያ መካከል ያለውን ደግሞ ማሽን ይበላዋል። ጭንቅላቱ 10 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ክብ ብረት ነው፤ ፊቱ ላይ ድንጋይ የሚፈጩ መንኮራኩሮች ተደርድረዋል። የፈጨውን ወደ ኋላ ይልከዋል። ከኋላው የኮንክሪት ቁራጮች እየተገጣጠሙ ቀለበት ይሆናሉ፤ ማሽኑ በእግሩ ያንን ቀለበት ረግጦ ራሱን ወደፊት ይገፋል። በከተማው ሰባት እንዲህ ያሉ ማሽኖች ነበሩ። በላያቸው ስንት ጊዜ እንደነዳሁ አላህ ይወቀው፤ አንድም ቀን ግን መሪዬ ሲንቀጠቀጥ አልተሰማኝም።

ይህን ማታ ማታ ለታናሽ ወንድሜ በስልክ እተርክለታለሁ። እሱም በዚያው ሰሞን እዚህ ከቱርክ ሥራ ተቋራጮቹ ጋር የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር ላይ ገብቶ ነበር፤ ያውም ዋሻው ውስጥ። የኛ ዋሻ እንደዚያ ያለ ማሽን የለውም። ዓለቱን ይበሱታል፣ ድማሚት ይሞሉታል፣ ያፈነዱታል፣ ጭሱ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፣ ፍርስራሹን ያወጣሉ፣ ግድግዳውን ሲሚንቶ ይረጩታል። ከዚያ እንደገና። «አንተ አጥር ነው ያየኸው፤ እኔ ሆዱ ውስጥ ነኝ» እያለ ይፎክርብኛል። እውነቱን ነው። ዋሻው ከሁለቱም ወገን ተቆፍሮ የተገናኘ ዕለት የራስ ቅል የምታህል ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጣ። እናቴ በሩን ንፋስ እንዳይዘጋው ታስደግፍባታለች።

ያ መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተዘርግቶ አለቀና፣ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ፣ መብራት ጠበቀ። ከዚያ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ። ስለሱ አሁን አላወራም። ወንድሜ ዛሬ ብሎኬት ያመርታል።

የሪያዱ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ እኔ ከተመለስኩ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ። መጀመሪያ ሦስት መስመር ለቀቁ፣ በወር ከምናምን ውስጥ ስድስቱም ሥራ ጀመሩ፦ 176 ኪሎ ሜትር፣ 85 ጣቢያ። አራት ሪያል ከፍለህ ለሁለት ሰዓት ትሳፈራለህ። ጓደኛዬ አርብ ዕለት ከበጥሃ ተነስቶ በሰማያዊው መስመር ዑለያን ከሥር ከሥሩ ሄዶበታል። ያቺ እኔ የምቆምባት ክሊኒክ ጋ ስትደርስ ንገረኝ ብዬው ነበር። «ወንድሜ፣ እዚህ ታች ክሊኒክ የለም፤ ግድግዳ ብቻ ነው» ብሎ ድምፅ ላከልኝ። ሞኝ ነኝ፤ ምን እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር?

እናቴ ቪዲዮውን ሦስቴ አየችው። ቡና ሊጠጡ የመጡት የጎረቤታችን ባልቴትም ስልኩን ተቀብለው፣ ከፊታቸው አርቀው ይዘው ተመለከቱና «ይሄ ደሴ ይደርሳል?» ብለው ጠየቁ።

«የሪያድ ነው እማማ» አልኳቸው።

ወንድሜ ከበሩ በኩል ሳቀ። «የኛውም አይደርስም እማማ። ደሴ ተራራ ላይ ናት፤ እሱ በታች በታች ነው የሚያልፈው። እርስዎ ያው የሐረጎን ዳገት በዚህ ሹፌር ሚኒባስ ነው የሚወጡት» አለና ወደኔ ጠቆመ።

«እንግዲያ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አሉኝ።

ተራዬ 12 ሰዓት ነው። የጋቢናውን ወንበር ያዝኩላቸው።