እኛ እያለን እሳቸው ለምን ይለፋሉ?

ሰላም ናችሁ፣ ከጠፋሁ ቆየሁ አይደል፣ የደሴ ብርድ እጄን አስሮት ነው ብላችሁ እለፉኝ። ዛሬ ስለ ስራዬ ላውራ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ሰው ሲሰማ "አሃ ማሳጅ ነው" ይላል፣ እሱን ተዉት። ብዙ የማያቸው ሰዎች ስትሮክ መቷቸው አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው ናቸው፣ ታዲያ እጅና እግር ከማሰራቴ በፊት ቁጭ ብዬ ነገር መጠየቅ አለብኝ። ብቻዎትን ይበላሉ? ማን ያለብስዎታል? ሽንት ቤትስ? አስታማሚው ወሬ የጀመርኩ ይመስለዋል፣ እኔ ግን እየለካሁ ነው።

መለኪያው ባርተል ኢንዴክስ ይባላል፣ ማሆኒ የምትባል ሀኪምና ባርተል የምትባል ፊዚዮቴራፒስት በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ነው፣ እስካሁን እሱን እንጠቀማለን። 10 ነገር ይጠይቃል፣ ድምሩ ከ100 ነው፣ ግን ነጥቡ እኩል አይደለም፣ ገላ መታጠብ 5 ብቻ ሲሆን ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር 15፣ መራመድም 15 አለው። 100 ያገኘ ደሞ ብቻውን መኖር ይችላል ማለት አይደለም፣ ወጥ መስራትና ገበያ መውጣት አልተጠየቀማ!

ዋናው ህጉ ምን መሰላችሁ፣ የሚፃፈው ሰውዬው ማድረግ የሚችለው ሳይሆን በየቀኑ የሚያደርገው ነው። ዱላ ይዞ ቢሄድ ችግር የለም፣ ነጥቡን ያገኛል፣ አጠገቡ ሰው ቆሞ "ቀስ፣ ቀስ" እያለው ከሆነ ግን ራሱን ችሏል አይባልም። እኛ ጋ ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። አባትየውን ስጠይቅ ልጅየው ይመልሳል፣ "ብቻቸውን ይበላሉ?" ስል "እንዴ፣ እኛ እያለን እሳቸው ለምን ይለፋሉ?" ይለኛል፣ እንደመቆጣት እያለ። ወሎ ላይ አባትህ በሽተኛ ሆኖ አንተ ካላጎረስከው ጎረቤት ምን ይላል፣ ይገባኛል። ግን እኔ ፎርሙ ላይ 0 ልፃፍ? እጁ እኮ እምቢ አላለም፣ ከልክለውት ነው።

ባለፈው ኮምቦልቻ አንድ አባት ቤት ሄድኩ፣ በሚኒባስ ሀረጎን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ፣ ታች ሌላ አገር ነው። ሰውዬው ቀኝ ጎናቸው ነው የተመታው። ግራ እጃቸው ደህና ነው፣ ከተኙበት ስኒ አንስተው ሲያስቀምጡ በአይኔ አይቻለው። ምሳ ሲቀርብ ግን ባለቤታቸው እጃቸውን ታጥበው ማጉረስ ጀመሩ። "አባባ፣ በግራ እጅዎ ለምን አይሞክሩም?" ስላቸው እንደ ነውር አዩኝ። "በግራ ይበላል እንዴ ልጄ?" አሉኝ። እኔ ስለ ጡንቻ ሳስብ እሳቸው ስለ ሱና ያስባሉ። ልጃቸው የሰፈሩን ሼህ ጠይቆ ሲመለስ "ቀኙ ካልሰራ ኡዝር ነው፣ ይፈቀዳል" ብለዋል አለን (ኡዝር በቂ ምክንያት ማለት ነው)፣ እኔ በ1 ሰአት ማሳመን ያልቻልኩትን ሼሁ በአንድ ቃል ጨረሱት።

ደሞ ዋናው የባርተል መመሪያ ላይ ስለ መብላት ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ምግቡን መቁረጥ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ መነስነስ፣ ቅቤ መቀባት። እኛ ቅቤ የምንቀባው ፀጉር ላይ ነው። እኔ የማየው እንጀራውን በአንድ እጅ ቆርሶ፣ ወጡን ጠቅልሎ፣ ሳያንጠባጥብ አፉ ጋ ማድረሱን ነው፣ እሱ ደሞ ከማንኪያ ይከብዳል፣ አውራ ጣትና ሁለት ጣት በደንብ መተባበር አለባቸው። አባባ መጀመሪያ ቀን ግማሹን ሽርጣቸው ላይ አፈሰሱት፣ ባለቤታቸው ደሞ ማየት አቅቷቸው ጓዳ ገቡ።

ልብስ ቶሎ ለመዱ፣ የደከመውን እጅ መጀመሪያ ማስገባት፣ ሲያወልቁ ደሞ ደህናውን ማስቀደም፣ በቃ። ሽርጥ በአንድ እጅ አይታሰርም፣ ላስቲክ ያለው ሱሪ ተገዛ።

ያመለጠኝ ሽንት ቤቱ ነው። ሆስፒታል ሳያቸው መቀመጫ ባለው ስለነበር ሙሉ 10 ሰጥቻቸው ነበር። ቤታቸው ያለው ግን ጓሮ ነው፣ ቁጢጥ የሚባልበት፣ ያውም መውረጃው ድንጋይ። አንድ ጎኑ የደከመ ሰው እንዴት ቁጢጥ ብሎ ይነሳል? ለካ ማታ ማታ ፖፖ ነው የሚቀርብላቸው፣ እሱንም የነገሩኝ አባባ አይደሉም፣ ለሴት ልጅ እንዲህ አይነት ነገር አይወራም። ባለቤታቸው በር ላይ ሲሸኙኝ በሹክሹክታ ነው የነገሩኝ። 10ሩን ሰርዤ 5 ፃፍኩ፣ አፍሬ። ከዛ ወዲህ አስታማሚውንና ታማሚውን ለየብቻ ነው የምጠይቀው፣ ስለ ሽንት ደሞ ወንድ ከሆኑ ወንድ ባልደረባዬን እልካለው።

ከወር በኋላ ስመለስ አባባ በግራቸው እየበሉ ነው፣ ቀስ ብለው፣ ግን ራሳቸው። ቡና ተፈልቶ ነበር፣ ባለቤታቸው አቦሉን እየቀዱ "እኔስ ታዲያ አሁን ምን ልስራ?" አሉኝ፣ እየሳቁ ነው ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። መሀሉ የተበሳ ወንበር አናጢ ጋ ታዟል፣ ቅዳሜ ይደርሳል ተብሏል፣ እሱ ሲመጣ ሄጄ እንደገና እለካለው።