ከፉርሽካው ጋር የሄደው ካልሲየም

ሦስተኛው ዙር ከምድጃ እንደወጣ የገበያ ክፍል ኃላፊዋ አንድ ብስኩት አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«አሁንም ጠቁሯል።»

«ዳጉሳ ነው እኮ» አልኳት።

«ቢሆንም ሰው መጀመሪያ የሚበላው በዓይኑ ነው። አንጪልኝ።»

ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ይህን የዳጉሳ ብስኩት የማዘጋጀት ሥራ ሲሰጡኝ ከልቤ ነበር የተቀበልኩት። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2023ን ዳጉሳን የመሰሉ ፍሬያቸው ደቃቅ የሆኑ እህሎች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ሲያውጅ፣ ሐሳቡን ያቀረበችው ሕንድ ነበረች። እህሉ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ በጥንት ዘመን ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ነው በሕንዷ ካርናታካ ግዛት «ራጊ» የተባለው። የዝናብ እጥረትን ይችላል። በደንብ ደርቆ ከተቀመጠ ነቀዝ እምብዛም ስለማይደፍረው ዓመታት ይቆያል። ከሁሉ በላይ ግን 100 ግራሙ ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለ፤ ስንዴ የዚህን አንድ አስረኛ ቢይዝ ነው።

ችግሩ ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው። ማሽላን ፈትጎ ቅርፊቱን ማስለቀቅ ይቻላል። የዳጉሳ ቅርፊት ግን ከፍሬው ጋር የተጣበቀ፣ ውስጡም ቶሎ የሚፈረፈር ስለሆነ፣ ልፈትግህ ሲሉት አብሮ ይደቃል። እንዲነጣ ከተፈለገ ቀላሉ መንገድ እንዳለ ፈጭቶ በደቃቅ ወንፊት ማጥለል ነው። እኔም ያንኑ አደረግኩ። ዱቄቱ ነጣ፣ ኃላፊዋም ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ላይ የሚሠሩት ጋሼ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይሄን ፉርሽካ የት ላድርገው?»

እጄን ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ጠይም ቀይ ነው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሳሳ፤ መዳፌ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ካልሲየሙ የሚበዛው እዚህ ቅርፊት ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስረዳውም እኔ ነኝ።

«ለከብት መኖ ይሂድ» አልኳቸው።

ጆንያውን ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። «ይሄን ያህል ከጣልነው ታዲያ ዳጉሳውን ለምን ገዛነው?»

መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ የማሸጊያው ንድፍ መጣ። በትልቁ «በካልሲየም የበለጸገ» ይላል፤ ከሥሩ እኔ የሰጠሁት ቁጥር አለ። ስልክ አንስቼ ደወልኩላት።

«ይሄ ቁጥር የሙሉው እህል ነው፣ የብስኩቱ አይደለም።»

«ቁጥሩን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ሳናጠልለው በፊት ነዋ።»

«ታዲያ አሁን ዳጉሳ መሆኑ ቀረ?»

እልህ ይዟት አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ወንፊቱ ምን እንደሚያስቀር በዚያች መስኮት አጠገብ ብነግራት ኖሮ ይህን ጥያቄ ባልጠየቀችኝ ነበር። ናሙናውን ወደ ቤተ ሙከራ ላክሁ፤ ውጤቱ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በብዙ አንሶ መጣ። ቁጥሩ ተሰረዘ። «ዳጉሳ» የሚለው ቃል ግን በትልቁ እንደተጻፈ ነጩ ብስኩት ገበያ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዘኝ እንደገና ጀመርኩ። ዳጉሳውን አሳድሬ ዘፈዘፍኩት፣ ሁለት ቀን አበቀልኩት፣ አድርቄ ሥሩን አሽቼ አራገፍኩ፣ ወንፊት ሳላስነካ አስፈጨሁት። እህል ብቅል ሲሆን ማዕድኑን ጠፍሮ የሚይዘው ፋይቲክ አሲድ ይቀንሳል፤ ከስታርቹም ከፊሉ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ስለዚህ የምጨምረውን ስኳር ቀነስኩ። ብቅሉ ሊጡን ስለሚያላላው የመጀመሪያው ዙር ምድጃ ውስጥ ተንጣሎ ተበላሸብኝ፤ በሁለተኛው ውሃውን ቀንሼ ተስተካከለ። ቀለሙ ዝናብ የመታው አፈር ይመስላል።

ኃላፊዋ አንድ ቀመሰች። ሁለተኛ አነሳች። ሦስተኛውን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ይጣፍጣል» አለች። «ግን ጥቁር ነው።»

በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም። «ጥቁር የሆነው ያላወጣንለት ነገር ስላለ ነው» ብዬ ስለ ቅርፊቱ ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት። ቆማ ሰማችኝ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ አቅርቢው አለችኝ። ሁለቱን ብስኩቶች ከነምርመራ ውጤታቸው ጎን ለጎን አቀርባለሁ። ከፉርሽካው አንድ ጆንያ እንዲያስቀሩልኝም ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ።