ከሥራዬ አውጣኝ ስለው፣ ወደ ሥራዬ መለሰኝ

የጌታ ስም ይባረክ! ይህን የምመሰክረው ሥራ መግባት ለሚያስፈራቸው፣ ይህንንም ለሰው መናገር ለሚያፍሩ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ እንቅልፍ የሚነሳኝ የወር መዝጊያ ብቻ ነበር። እያደር ግን እሁድ ከሰዓት ሆዴ መረበሽ ጀመረ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ። በቃ፣ ልቤ ልትቆም ነው አልኩ።

ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሳሁ፤ ልቤ ደህና ነው። ሐኪሙ የፍርሃትና የጭንቀት ማዕበል ነው አለኝ። ጣት የሚያደነዝዘው ቶሎ ቶሎ መተንፈሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ አይገድልሽም አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። «ለነገ አትጨነቁ» እያልኩ ሌላውን የማጽናና ሰው ነኛ!

የሕመም ፈቃድ ወጣሁ። ጸሎቴ አንድ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ሥራ አውጣኝ።»

መልሱን ያገኘሁት 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ነው። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ይላል። መልአኩ አልተቆጣውም። ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፤ ደግሞ ተኛ። ኋላ እግዚአብሔር «ሂድ፣ ተመለስ» አለው። ብቻዬን ቀረሁ ላለው ሰው ደግሞ ኤልሳዕን ሰጠው። ይህን ምዕራፍ ስንቴ አንብቤዋለሁ፤ እንቅልፉንና ምግቡን ግን ዘልዬው ነበር።

ከዚያ በኋላ የምክር አገልግሎት ጀመርኩ። (ይህ እምነት ማጣት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ኤልያስም የተላከለትን በላ እንጂ አልመለሰም።) አማካሪዋ ፍርሃት በሸሸሽው ቁጥር ይበረታል ስትለኝ፣ ጸሎቴን ቀየርኩ። «አውጣኝ» ቀርቶ «አብረኸኝ ግባ» ሆነ።

አለቃዬን ማናገር ከሁሉ ከበደኝ። ቃላት ሁሉ አዘጋጅቼ ገባሁ፤ ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ «በግማሽ ቀን ጀምሪ» አለኝ። የወር መዝጊያውን አንዲት ባልደረባዬ ሳልጠይቃት ተካፈለችኝ። እኔ ኤልሳዕ ነው የምላት፤ እሷ ትስቃለች።

የመጀመሪያው ጠዋት በር ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ትንፋሼን ቀስ ብዬ እያስወጣሁ «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» አልኩና ገባሁ። ማዕበሉ መጣ፤ ወንበሬ ላይ እንዳለሁ አለፈ።

ዛሬ ሙሉ ቀን እሠራለሁ። ወር ሲያልቅ አንዳንዴ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል፤ እሁድ ማታ ግን እተኛለሁ። ክብሩን እርሱ ይውሰድ!