ለቤት የበረራ ልምምድ ቪአር ሄድሴት ስመርጥ

ብዙ ካማረጥኩ በኋላ የቪአር ሄድሴት (ዓይን ላይ የሚታሰር፣ ዙሪያችሁን ሁሉ በኮምፒውተር ምስል የሚሞላ ስክሪን) ገዝቼ ቤት ውስጥ በበረራ ሲሙሌተር በቪአር መብረር ከጀመርኩ ከራርሜያለሁ። "እንዴት ነው? የትኛውን ልግዛ?" የምትሉኝ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ። የምጽፈው በተለይ እንደኔ እውነተኛ የበረራ ሥልጠና ላይ ላላችሁ ነው። ለመዝናናት ብቻ ከሆነ ግማሹን መዝለል ትችላላችሁ።

እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ማናሳስ ላይ በሴስና 172 የግል አብራሪነት ፈቃድ እየተማርኩ ነው። አውሮፕላኑም አሠልጣኙም በሰዓት ይከፈላሉ። የአየር ክልሉም ቀልድ አያውቅም። ዋሽንግተንን ዙሪያውን በ30 ኖቲካል ማይል የከበበ ልዩ ክልል አለ። የበረራ ዕቅድ ሳያስገቡና የራስን የትራንስፖንደር ኮድ (አውሮፕላኑን ራዳር ላይ የሚለይ ቁጥር) ሳይቀበሉ እዚያ ውስጥ መብረር የለም። እዚህ ሰማይ ላይ ወጥቶ "ቆይ፣ ቀጥሎ ምን ነበር?" ማለት ብር ማቃጠል ነው። ቤት ውስጥ መለማመድ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በአሜሪካ ፓርት 61 በሚባለው የሥልጠና ደንብ ለሚማር ሰው የግል አብራሪ ለመሆን ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። ሳሎን ውስጥ በሄድሴት የበረራችሁት ከዚያ ላይ አንድ ደቂቃ አይቀንስላችሁም። ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) የሚቆጥረው ራሱ ያጸደቀውን መሣሪያ ነው። ይህ ማለት ግን ቪአር የልጆች መጫወቻ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ አየር ኃይል በ2018 ኦስተን፣ ቴክሳስ ላይ በጀመረው ሙከራ፣ ማንም ከገበያ ሊገዛው በሚችል ሄድሴት አብራሪዎችን አሠልጥኗል። የአውሮፓው የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲም በ2021 ለሮቢንሰን አር22 ሄሊኮፕተር የተሠራን የቪአር ማሠልጠኛ አጽድቋል። ለቪአር የመጀመሪያው ዕውቅና እሱ ነበር። ልዩነቱ እነዚህ ሰዎች እውነተኛ መሪ፣ እውነተኛ ወንበርና ከጎን የቆመ አሠልጣኝ አላቸው። እኛ ያለን ከሳሎን የተረፈ ወንበር ነው።

እና ቪአር ለምን? መልሴ አጭር ነው፦ አንገት ለማዞር።

በፓተርን ላስረዳ፤ መንደርደሪያውን ዞሮ መጥቶ የማረፍ ልምምድ ማለቴ ነው። ዳውንዊንድ ላይ ናችሁ፤ ከመንደርደሪያው ጎን ለጎን፣ ከምታርፉበት አቅጣጫ በተቃራኒ እየበረራችሁ ነው። የመንደርደሪያው ጫፍ በግራ ክንፋችሁ ትይዩ ሲደርስ ጋዝ ትቀንሳላችሁ፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) 10 ዲግሪ ታወርዳላችሁ። ከዚያ በግራ ትከሻችሁ በኩል ወደ ኋላ ታያላችሁ። ጫፉ ከኋላችሁ በ45 ዲግሪ ሲሆን ወደ ቤዝ፣ ማለትም ከማረፊያው መስመር ጋር ወደሚያገናኘው አጭር መንገድ፣ ትታጠፋላችሁ። ስክሪን ላይ ይህ ሁሉ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ዕይታው ዘሎ ይዞራል፣ ትመለሳላችሁ፣ በቃ። በሄድሴት ግን አንገታችሁ ራሱ ይዞራል። የክንፉ ድጋፍ ብረት መንደርደሪያውን ሲከልልባችሁ ወደ ፊት ዘንበል ብላችሁ ታሾልካላችሁ። ደግሞ 172 ክንፉ ከላይ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ የግራው ክንፍ ወርዶ መንደርደሪያውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከመታጠፋችሁ በፊት ማየት እንዳለባችሁ ሰውነታችሁ ይለምደዋል። ይህን ስክሪን አላስተማረኝም። ቪአር ከጀመርኩ በኋላ አሠልጣኜ ሳልጠይቀው "አሁን ውጭ ማየት ጀምረሃል" አለኝ። ለእኔ ሄድሴቱ ዋጋውን የመለሰው ያን ቀን ነው።

የማያስተምረውንም ልንገራችሁ። ፍሌር፣ ማለትም መሬት ልትነኩ ስትሉ አፍንጫውን ቀስ ብሎ ማንሳት፣ በቪአር ከስክሪን ይሻላል፤ ከፍታው ይታወቃችኋል። ነገር ግን አውሮፕላኑ ሲሰጥም መቀመጫችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር የለም። የራደር፣ ማለትም በእግር የሚመራው የጭራ መሪ፣ ስህተትም እንደዚያው ነው። እውነተኛው አውሮፕላን ሲንሸራተት ወገባችሁ ይነግራችኋል፤ ሳሎን ውስጥ ወገብ ዝም ነው። ስለዚህ ማረፍን በሄድሴት ጨረስኩ የሚል ካለ አትስሙት።

አሁን ወደ ምርጫው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የፒክስል ቁጥር ነው። ለሥልጠና ቁጥሩ የሚያመጣው ለውጥ በምትበሩት ኮክፒት ይወሰናል። ባለ መርፌ ጌጅ (መለኪያ) ላይ የፍጥነት መርፌው የት እንደቆመ ለማወቅ ቁጥሩን ማንበብ አያስፈልግም፤ የመርፌው አቅጣጫ ይበቃል። ዝቅ ያለ ጥራት ያለው ሄድሴትም ይህን አያቅተውም። የጋርሚን ጂ1000 ስክሪን ያለው ኮክፒት ግን ሁሉም ነገር ትንንሽ ፊደልና ቁጥር ነው። እኔ የገዛሁት የሜታ ክዌስት 3 ላይ ዋናዎቹን ቁጥሮች አነባለሁ። ጥግ ላይ ያሉትን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲዎች ለማየት ግን ጠጋ ማለት አለብኝ። እውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ ማንም አንገቱን አስግጎ ዳሽቦርድ አይስምም።

ከፒክስል በላይ ለእኔ ለውጥ ያመጣው ሌንሱ ነው። ፍሬኔል የሚባለው የድሮው ሌንስ መሃሉ ላይ ፏ ብሎ ያሳያል፤ ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል። አብራሪ ደግሞ ጭንቅላቱን ውጭ አድርጎ ዓይኑን ብቻ ወደ ታች ወደ ጌጁ ይወረውራል። በፍሬኔል ያ አይሠራም፤ ለእያንዳንዷ ዕይታ ጭንቅላት ማጎንበስ ይመጣል። ይህ ደግሞ መጥፎ ልማድ ነው፣ አየር ላይ ይከተላችኋል። ፓንኬክ የሚባለው ሌንስ እስከ ጠርዙ ድረስ ጥርት ያለ ነው። ክዌስት 3 ፓንኬክ ነው፤ ርካሹ ክዌስት 3ኤስ ፍሬኔል ነው። ሲወጡ የዋጋ ልዩነታቸው 200 ዶላር ነበር፣ 499 እና 299። ለጌም ቢሆን 3ኤስን እመክራለሁ። ለበረራ ልምምድ ግን 200ው ዶላር ሌንሱ ላይ ይዋል እላለሁ።

የዓይን ርቀት ሌላው ጣጣ ነው። በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል። መነጽር ቤት ብትጠይቁ በደቂቃ ይለኩላችኋል። 3ኤስ ላይ ያሉት ማስተካከያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር። የእኔ 65 ተኩል ነው፣ ልክ መሃል ላይ። ክዌስት 3 ግን ትንሽ መዘውር በማዞር ነው የሚስተካከለው፤ ቁጥሬን አገኘሁት። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ በራሳችሁ የሐኪም ቁጥር የሚሠራ ተለጣፊ ሌንስ አለ፤ እሱን እዘዙ። መነጽር አድርጎ ሄድሴት መልበስ የሄድሴቱን ሌንስ ሊቧጭር ይችላል።

እስቲ ምስሉን ለሄድሴቱ የሚስለውን ፒሲ እንየው፣ ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነውና። ፒማክስ ክሪስታል ላይት የሚባለው ሄድሴት ለአንድ ዓይን 2880 በ2880 ፒክስል አለው። አስሉት፦ 8,294,400 ይመጣል። የአንድ 4ኬ ስክሪን ፒክስልም ይኸው ነው፣ አንድም አይጎድል። ስለዚህ የግራፊክስ ካርዳችሁ ሁለት 4ኬ ስክሪን በአንድ ጊዜ መሳል አለበት፣ ያውም በሰከንድ 72 ወይም 90 ጊዜ። ክዌስት 3 በሁለቱም ዓይን ተደምሮ 9 ሚሊዮን ገደማ ነው። የእኔ ካርድ አርቲኤክስ 4070 ነው፣ 12 ጊጋ። ክዌስት 3ን ይሸከማል። ክሪስታል ላይትን ለመሸከም ጥራቱን መቀነስ አለብኝ፤ ታዲያ የከፈልኩበትን ጥራት ከቀነስኩ ምን ዋጋ አለው?

በ72 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 72 ምስል፣ ካርዱ አንዱን ምስል ለመጨረስ ያለው ጊዜ 14 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ማናሳስ አካባቢ፣ ዛፍና ቤት በበዛበት፣ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ይህን ሁልጊዜ አይችልም። ስለዚህ ካርዱ በሰከንድ 36 ብቻ እንዲስል አድርጌ ሶፍትዌሩ በመሃል ያለውን እንዲሞላ ፈቅጃለሁ። የሚታይ ጉድለት አለው፤ ፕሮፔለሩ ዙሪያ ያለው ምስል ይሞገዳል። ግን የማይዋዥቅ 36 አንዴ 60 አንዴ 41 ከሚል ፍጥነት ይሻላል። ሆድ የሚያውከው መዋዠቁ ነው።

የቀሩትን ሄድሴቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ቢግስክሪን ቢዮንድ 127 ግራም ነው፣ ሄድሴት ያደረጋችሁም አይመስላችሁም። ግን ክፍሉ ውስጥ የሚተከሉ መከታተያ ጣቢያዎች ለብቻ ይገዛሉ፣ የፊት ማረፊያውም በእናንተ ፊት ልክ ስለሚሠራ ለሌላ ሰው ማዋስ ያስቸግራል። ፕሌይስቴሽን ቪአር2 ከ2024 ጀምሮ በአዳፕተር ከፒሲ ጋር ይሠራል። የኦሌድ ስክሪኑ ድፍን ጥቁር ለሌሊት በረራ ያምራል፤ ሌንሱ ግን ፍሬኔል ነው። ኤችፒ ሪቨርብ ጂ2ን ያገለገለ በርካሽ ታገኛላችሁ፣ ምክንያትም አለው። የሚሠራበትን የዊንዶውስ ሚክስድ ሪያሊቲ ሶፍትዌር ማይክሮሶፍት በ2023 መጨረሻ እንደሚተወው አሳወቀ፤ ዊንዶውስ 11 በ24ኤች2 ዝመናው ጭራሽ አወጣው። በዘመኑ የሲሙሌተር ሰዎች ዓይን ነበር። ስትገዙ ሄድሴቱን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ሶፍትዌር ዕድሜም ጠይቁ።

ክዌስት 3ም ያለ እንከን አይደለም። ምስሉን ከፒሲው የሚቀበለው እንደ ቪዲዮ ተጨምቆ ነው፣ በዩኤስቢ ኬብልም ሆነ በዋይፋይ። ክሪስታል ላይት ቀጥታ በዲስፕሌይፖርት ይቀበላል፤ ሩቅ ያለች ትንሽ አውሮፕላን እዚያ ላይ ይበልጥ ጎልታ ትታያለች። የክዌስት 3 ክብደት ደግሞ 515 ግራም ነው፤ አብሮት በሚመጣው ጨርቅ ማሰሪያ ከተጠቀማችሁ ግማሽ ኪሎ ስኳር ግንባር ላይ አስሮ መቀመጥ ነው። ጠንካራ ማሰሪያ፣ ከኋላ ባትሪ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ከበጀታችሁ ላይ ከመጀመሪያው አስቡበት። ባትሪው ከኋላ ሆኖ ሚዛን ይጠብቃል።

ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁ ነገር እጅ ነው። ሄድሴቱን ስታደርጉ እጃችሁ ይጠፋል። ኮክፒቱ ውስጥ ያለው የፍላፕ ማንሻ አንድ ቦታ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ትሮትሉን (የጋዝ መቆጣጠሪያውን) እና የፍላፑን ማንሻ ጠረጴዛው ላይ በቬልክሮ አጣብቄያለሁ፣ በ172 ውስጥ ባሉበት ከፍታና ርቀት ላይ። አሁን ሳላይ እነካቸዋለሁ። ለሬዲዮውና ለሌላው ቁልፍ ትራክቦል ማውዝ ጭኔ አጠገብ አለ። የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን ትእዛዝ በወረቀት መጻፍ ግን አይቻልም፤ ሄድሴቱ ላይ ካሜራ ስላለ ውጭውን ማየት ይቻላል፣ ግን በየመሃሉ መክፈትና መዝጋቱ ሐሳብ ይሰርቃል። ስለዚህ የሬዲዮና የቼክሊስት ልምምዴን ስክሪን ላይ፣ እስክሪብቶ ይዤ ነው የምሠራው። ሄድሴቱ ለፓተርን፣ ስክሪኑ ለፕሮሲጀር።

ማጥወልወሉን የምትፈሩ፣ ልክ ናችሁ። ዓይን "እየተንቀሳቀስን ነው" ሲል የውስጥ ጆሮ "ኧረ ተቀምጠናል" ይላል። በጀመርኩ ሰሞን ቀጥታ በረራና ለስላሳ መታጠፍ ብቻ ነበር የማደርገው። የስቶል፣ ማለትም ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ሲያጣ የሚደረገው፣ ልምምድ የመጣው ኋላ ነው። ትንሽ ላብ ላብ ሲለኝ ያኔውኑ አወልቃለሁ፤ "ትንሽ ልቻለው" ማለት አያዋጣም፣ የቀኑን ልምምድ ያበላሻል። ፊት ለፊት ቬንትሌተር ማድረግ ይረዳል። ከሄድሴት ወዲያው ተነስታችሁም መኪና አትንዱ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ሁለት ነገር። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር መልክዓ ምድሩን ከኢንተርኔት እየጎተተ ነው የሚያሳየው፤ ዳታ ይበላል። ኤክስ-ፕሌን 12 መልክዓ ምድሩን ዲስክ ላይ ስለሚጭን አንዴ ካወረዳችሁት ዕዳው ገብስ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሄድሴቱ ባትሪ አለው፣ ፒሲው የለውም፤ ዩፒኤስ ካልገዛችሁ ፋይናል ላይ፣ ልታርፉ ስትሉ፣ ጨለማ ነው።

ቦሌን ሞክሩት፤ እኔ የእረፍት ቀን በረራዬ እዚያ ነው። መንደርደሪያው ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ነው። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ሳታቀጥኑ ከተነሳችሁ ሞተሩ ያቃስታል። ማረፉ ይባስ ያስተምራል። የፍጥነት መለኪያው እንደ ማናሳስ 65 ኖት ይላል፤ በቀጭኑ አየር ግን እውነተኛው ፍጥነት 75 ገደማ ነው። ስክሪን ላይ ይህ ልዩነት አይታወቅም ማለት ይቻላል። በሄድሴት መሬቱ በጎናችሁ ሲሮጥ ታዩታላችሁ፣ እጃችሁም ሳታዝዙት ፍጥነት ለመቀነስ መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ይጀምራል። ያን እጅ መያዝ ነው ልምምዱ።

ቀጥሎ የማስበው የመሣሪያ በረራ ሥልጠና ነው፣ ውጭውን ሳያዩ በመለኪያዎቹ ብቻ መብረር፤ እዚያ ጂ1000ን ሳልጠጋ ማንበብ ይኖርብኛል። ዲሲ አካባቢ ክሪስታል ላይት ያላችሁ ካላችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ በእኔ ካርድ እንሞክረው። ቡና በእኔ ነው።