የአክስሉ ዘንግ ለምን ተበጠሰ?

ፓራንኮው (ከባድ ዕቃ የምናነሳበት የሰንሰለት ማንሻ) የተንጠለጠለበት ዘንግ የተበጠሰው ጠዋት፣ ገና ሥራ ሲጀመር ነው። ሁለት ቶን የሚመዝነው ጊርቦክስ ከወለሉ አንድ ስንዝር እንኳ አልተነሳም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። "ጓ" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ሰንሰለቱ ከነመንጠቆው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።

ያኔ የምሠራው በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ነበር። ዘንጉን የሠራልን ውጭ ያለ ወርክሾፕ ነው። ሱማሌ ተራ ከተገዛ የጭነት መኪና አሮጌ አክስል ተቆርጦ፣ ቶርኖ ላይ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተስተካክሎ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ተበይዶበት መጣ። በመጣበት ዕለት ሁለት ቶን ተሰቅሎበት ተሞክሯል። ንቅንቅ አላለም። የተበጠሰው ቀናት ካለፉ በኋላ፣ ያውም ከተሞከረበት ጭነት ሳይበልጥበት ነው።

ስባሪውን ሞርሳ ላይ አስሬ በባትሪ አየሁት። የተበጠሰው መሃሉ ላይ አይደለም፤ ከብየዳው ጠርዝ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነው። ብየዳው ራሱ ደህና ነው። የስባሪው ፊት ግን ሁለት መልክ አለው። በአንድ በኩል ጠቆር ያለ፣ ዝገት የነካው ግማሽ ክብ ይታያል። የቀረው እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ንጹሕ ግራጫ ነው። ጠቆር ያለው ቦታ ቀደም ብሎ የተሰነጠቀው ነው፤ አየርና እርጥበት አግኝቶታል። የሚያብለጨልጨው ያን ጠዋት የተበጠሰው ነው። ዙሪያውን በካሊፐር ለካሁት፤ የትም አልቀጠነም። ሳይለጠጥ ነው የሄደው።

የወርክሾፑ በያጅ ተጠርተው መጡ። ሥራቸውን የሚያከብሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ስባሪውን አገላብጠው አዩና፣ "ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ የመኪና አክስል ነው። ስንት ኩንታል ተሸክሞ የኖረ ብረት! ከዚህ የበረታ ከየት ይመጣል?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ብረቱስ ብርቱ ነበር። ብየዳ ነው የማይወደው" አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው 0.4 በመቶ አካባቢ ካርቦን ካለው ብረት ነው። ሲበየድ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ይግላል። ከዚያ ቀዝቃዛው ወፍራም ዘንግ ሙቀቱን ባንዴ ይስበዋል። ውሃ ውስጥ የመንከር ያህል ነው። ያ ቀጭን ሽፋን ማርተንሳይት ወደሚባል ጠንካራ ግን ተሰባሪ መልክ ይለወጣል። ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ፣ እርጥበት ከያዘ ደግሞ ሃይድሮጂን ይገባበታል። ሃይድሮጂን ቸኩሎ አይሰብርም። ስንጥቁ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው። ወቅቱ ክረምት ነበር። ጋሼን ስጠይቃቸው የኤሌክትሮዱ ፓኮ ተከፍቶ መክረሙን አልደበቁኝም። የዚያን ዕለቱ ሙከራ ምንም ያላሳየን ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ብረት መበየድ ግድ ከሆነ አስቀድሞ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ማሞቅ፣ በምድጃ በደረቀ 7018 በሚባለው ሃይድሮጂን የሚያንስበት ኤሌክትሮድ መሥራት፣ ከዚያ ሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያስፈልጋል።

ግን ጭራሽ ለምን ይበየዳል? አዲሱን ዘንግ ከተራው ኤስ 235 ብረት አሠራነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ ኤም 30 (የ30 ሚሊ ሜትር ብሎን) ጥርስ ወጣለት፤ በወፍራም ሮንዴላና በሁለት ሁለት ዳዶ ታሰረ። ብየዳ የለውም። ሂሳቡን ጋሼ ፊት ወረቀት ላይ ሠራሁት። የኤም 30 ጥርስ ጭነት የሚሸከምበት ስፋት 561 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ቶን 19,600 ኒውተን ገደማ ነው። ሲካፈል በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 35 ኒውተን ይደርሳል። ኤስ 235 በዚህ ውፍረት ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው 225 ላይ ነው፤ ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ቢጫንበት እንኳ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይቀጥናል፣ ለሚያይ ሰው ያስጠነቅቃል። ሰው ከሥሩ ለሚያልፍበት ዘንግ እኔ የምፈልገው ይህንን ጠባይ ነው።

ቅይጥ ብረት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ቦታው ጠቦ ውፍረት መጨመር ሲያቅት፣ ወይም ዘንጉ እየተሽከረከረ ቀን ከሌት ሲጠማዘዝ፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀየጠበት 42 ክሮሞ 4 የመሰለ ብረት ዋጋውን ያወጣል። በሙቀት ከታከመ በኋላ የተራውን ብረት ሦስት እጥፍ ይችላል። እኛ ጋ ግን "ጠንካራ ብረት" የሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስላል።

እዚያው ፋብሪካ ሌላ ዘንግ ነበር። አግድም ተቀምጦ የጨርቅ ጥቅል ይሸከማል፤ ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር። ጥቅሉ ሲጫንበት መሃሉ ይረግባል፣ ሲወርድለት ቀጥ ይላል። ግዢ ክፍል 42 ክሮሞ 4 ከውጭ ሊያዝዝ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ነበር። ፊርማ ሲጠይቁኝ እምቢ አልኩ። ጭነቱ ሲወርድ የሚቃና ዘንግ ጥንካሬ አላነሰውም፤ ያነሰው ግትርነት፣ ማለትም ሲጫን ያለመርገብ ጠባይ ነው። ግትርነት ላይ ደግሞ ርካሹም ውዱም ብረት እኩል ናቸው፤ ሁሉም በካሬ ሚሊ ሜትር 210 ሺህ ኒውተን አካባቢ ነው። ያ ሁሉ ዶላር ወጥቶ ዘንጉ ያው እንደረገበ ይቀር ነበር። ውፍረቱን ወደ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ግን ግትርነቱን 2.4 እጥፍ ያደርገዋል። ኩሽኔታዎቹንና ማቀፊያቸውን መቀየር ግድ ሆነብን፤ ለእሱም ትንሽ ተጨቃጨቅን። ብረቱ ያው ኤስ 235 ነው፣ ከመርካቶ የተገዛ። የመሃሉ እርግበት ከግማሽ በታች ወረደ፤ ጨርቁም አንድ ወገን እየላላ መጠቅለሉን ተወ።