ቪላ ቪሶዛ፣ የብራጋንሳ ነገሥታት ከተማ

ፖርቱጋል ውስጥ ከኤቮራ ከተማ ባስ ይዛችሁ ወደ ስፔን ድንበር አቅጣጫ ስትሄዱ መንገዱ ግራና ቀኙ ወይራና የቡሽ ዛፍ ነው፣ ከዛ ቦርባ ጋ ስትደርሱ መልኩ ይቀየራል፣ መሬቱ ወደታች ተቆፍሮ ገደል የሆነ የእብነበረድ ካባ፣ ከላዩ ክሬን፣ ዳሩ ላይ ተቆርጦ የተደረደረ ግዙፍ ነጭ ድንጋይ። ቪላ ቪሶዛ ከዛ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከተማው ውስጥ ስትገቡ ደሞ ያ ድንጋይ የት የት እንደገባ ታያላችሁ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ እብነበረድ፣ የተራ ሰው ቤት የበር መቃን እብነበረድ፣ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ነጩ ውስጥ ሮዝ ሮዝ ያለ ጅማት ይሄድበታል። ዋናው አደባባይ ላይ የተተከለው ዛፍ ብርቱካን ነው፣ እኔ የሄድኩት በክረምታቸው ስለነበረ ፍሬው እላዩ ላይ ነበር፣ በጣም ነው ደስ የሚለው።

በኋላ የፖርቱጋል ነገሥታት የሆኑት የብራጋንሳ መሳፍንት ቤተመንግሥት ግንባሩ ብቻ 110 ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ ከላይ እስከ ታች እብነበረድ። ግን ታሪኩን ለማወቅ ኤቮራ መጀመር አለባችሁ። ኤቮራ ውስጥ ቱሪስቱ ሁሉ ቡና የሚጠጣበት የዢራልዶ አደባባይ አለ፣ የዚህ ቤተሰብ 3ኛ መስፍን ፈርናንዶ በ1483 (እ.ኤ.አ.) በንጉሡ ላይ አሲረሃል ተብሎ አንገቱ የተቀላው እዛ ነው። ንብረታቸው ተወረሰ፣ ልጆቹም ወደ ካስቲል (የአሁኗ ስፔን ክፍል) ተሰደዱ። በኋላ ሌላ ንጉሥ ሲነግሥ ልጁ ዣይም ተመልሶ ርስቱን አገኘ፣ የድሮው ግንብ ውስጥ መኖር ግን አልፈለገም፣ በ1501 ይሄን ቤት ማሠራት ጀመረ። የሚያሳዝነው እሱ ራሱ በ1512 ሚስቱን ሊዮኖርን ከአንድ ወጣት አሽከር ጋር ጠርጥሮ እዚሁ ገደላት።

ከዚህ ቤት ወጥተው ሊዝበን ስለሄዱ ሁለት ሰዎች ነው ቀኑን ሙሉ ሳስብ የዋልኩት።

የመጀመሪያው 8ኛው መስፍን ዧው ነው። ስፔን ፖርቱጋልን ከ1580 ጀምሮ 60 ዓመት ይዛት ነበር፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1640 የሊዝበን መኳንንት አመፁና ንጉሣችን አንተ ነህ አሉት፣ እሱም ከዚህ ተነስቶ ሄዶ 4ኛው ዧው ተብሎ ነገሠ፣ ዘሩ ፖርቱጋልን እስከ 1910 ገዛ፣ ብራዚልም ላይ እስከ 1889 ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። አሁን ቤተመንግሥቱ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ላይ በፈረስ የተቀመጠው ሐውልት የሱ ነው።

ሁለተኛው ንጉሥ ካርሎስ ነው። ቤተመንግሥቱን የምታዩት በጋይድ ብቻ ነው፣ ፎቶም ማንሳት አይቻልም፣ ለኔ ጥሩ ነው ምክንያቱም ሰው ስልኩን ትቶ ያያል። ካርሎስ ሰዓሊ ነበር፣ ራሱ የሳላቸው ሥዕሎች ግድግዳው ላይ አሉ፣ ባሕር፣ መርከብ፣ የዚህ አካባቢ የአሌንቴዦ ሜዳ፣ እውነት ለመናገር ንጉሥ ባይሆንም በሥዕሉ የሚታወቅ ሰው ነበር። ልብሱም የመኝታ ክፍሉም ተጠብቆ አለ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1908 ከዚህ ቤት ከሚስቱ ከአሜሊያና ከአልጋ ወራሹ ከሉዊስ ፊሊፔ ጋር ወጣ፣ በባቡር ሄደው ወንዙን በጀልባ ተሻግረው ሊዝበን በክፍት ሠረገላ ሲሄዱ ተኩስ ተከፈተባቸው፣ አባትና ልጅ እዛው ሞቱ። ልጁ 20 ዓመቱ ነበር። ይሄን እያወቃችሁ የሰውየውን አልጋ ስታዩ መናገር ያቅታችኋል፣ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም ነው ያልነው።

ወጥ ቤቱን እንዳታልፉት፣ ከ600 በላይ የመዳብ ዕቃ አለ፣ ድስቱ፣ መጥበሻው፣ ክዳኑ በየመጠኑ ተደርድሮ ሲያብረቀርቅ ስንት ሰው ስንት ዓመት እንደወለወለው ነው የሚታያችሁ።

ከዛ በእግር ወደ ግንቡ ውጡ፣ ቅርብ ነው። ቅጥሩ ውስጥ የእመቤታችን ቤተክርስቲያን አለ፣ 4ኛው ዧው በ1646 የአገሪቱ ጠባቂና ንግሥት እሷ ናት ብሎ ዘውዱን ለእመቤታችን ሰጠ፣ ከዛ በኋላ የነገሠ የፖርቱጋል ንጉሥ ዘውድ ደፍቶ አያውቅም። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው የነገሥታቱን ሥዕል በደንብ ያየሁት፣ ዘውዱ ራሳቸው ላይ ሳይሆን ጎናቸው ትራስ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሳለው። በዓሏ ዲሴምበር 8 ነው፣ ለመሳለም የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ነው።

የመጨረሻው ንጉሥ የካርሎስ ትንሹ ልጅ ማኑኤል ነው፣ በ1910 ከዙፋኑ ወርዶ በ1932 እንግሊዝ አገር በስደት ሞተ። በኑዛዜው መሠረት በ1933 የተቋቋመው ፋውንዴሽን ነው ዛሬም ቤቱን የሚያስተዳድረው። ሰኞ ዝግ ነው፣ ባሱም ብዙ ስለማይመላለስ መመለሻውን ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቢቻል ግን እዛው እደሩ።